አርባ ቆብ፣ ዘጠኝ እሾህ

የምነግራችሁ አገር ስም አለው፤ እኔ ግን አልጠራውም። ስሙን ከጠራሁ «ይሄማ የእኛ ጉዳይ አይደለም» ብላችሁ ትገላገላላችሁ። ስለዚህ አርባ ደጅ እንበለው፤ አርባ ቤት ብቻ ነበረውና። ከአርባው አንዱ ቤተ መንግሥቱ ነው። ለአንድ ንጉሥ አያንስም ወይ እንዳትሉኝ፤ አርባ ቤት ለመጨቃጨቅ ከበቂ በላይ ነው።

ያገሩ ልማድ እንዲህ ነበር። ሁለት ቤቶች አንዳች ነገር ሲያስተሳስራቸው፣ ከአንዱ መቃን እስከ ሌላው መቃን ክር ይዘረጋሉ። ለጋብቻ ቀይ፣ ለሥራ ቢጫ፣ ለኀዘን ሰማያዊ። አብረው የሚያጭዱና ወፍጮ የሚጋሩ በቢጫ ይታሰራሉ፤ ለቅሶ የሚደራረሱ በሰማያዊ። ያለ ክር ምንም ነገር አይጸናም። ሙሽሮች ሺህ ሰው ቢያበሉ፣ ቀዩ ክር ካልተዘረጋ ሰርጋቸው ግብዣ ነው እንጂ ሰርግ አይባልም። አንድ ደጅ እንደ ጉዳዩ ሦስቱንም ቀለም ይይዛል፤ ቀይ ደጅ፣ ቢጫ ደጅ የሚባል ነገር አልነበረም። ልጆች በክሩ ሥር እየተሽሎኮሎኩ ያድጋሉ፣ ረጃጅም ሰዎች ጎንበስ ማለት ይለምዳሉ። እኔ አጭር ስለሆንሁ አልተቸገርሁም።

ጎንበስ ማለት ያለመደው የንጉሡ ጥላ ብቻ ነበር። አንድ የበዓል ቀን ንጉሡ በሰልፍ ሲያልፉ ጥላው በአንድ ቢጫና በአንድ ቀይ ክር ተጠላለፈ፤ ያዡ ቢጎትተው ዘንጉ የንጉሡን ዘውድ መታው፤ ዘውዱም ወድቆ እየተንከባለለ አንዲት ዶሮ ጫጩቶቿን ታቅፋ ከተኛችበት ደረሰ። ዶሮዋ ተነሥታ ዘውዱ ላይ ተቀመጠች። ሕዝቡ ሳቀ፣ ንጉሡም ሳቁ። ያልሳቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የክርና የደጃፍ ሹም የነበሩት አዛዥ ጌጤነህ።

«ጃንሆይ» አሉ አዛዡ፣ «ጥፋቱ የጥላው አይደለም፤ የመደበላለቁ ነው። አንድ ደጅ ሦስት ቀለም ሲይዝ፣ ማን የማን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ማን የማን እንደሆነ የጠፋው ሰው አልነበረም። ጥያቄው ከተጠየቀ በኋላ ግን ሁላችንም የጠፋን መሰለን። በሳምንቱ ሕግ ወጣና በቤተ መንግሥቱ በር ፊት ባለው ድንጋይ ላይ ተቀረጸ። እያንዳንዱ ደጅ አንድ ቀለም ብቻ ይልበስ። ክር የሚተርፈው የሁለቱም ጫፍ ደጆች የእርሱን ቀለም ከለበሱ ነው፤ አለዚያ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ይቁረጡት። ንጉሡ ግን ክፉ ሰው አልነበሩም። «በሉ እሺ፤ ግን ቀለሙ ሲደለደል ከሁሉ ጥቂት ክር የሚያስቆርጠው መንገድ ይፈለግ» ብለው ጨመሩበት፤ አዛዡም የአቆጣጠሩን ሥርዓት አራተኛ መስመር አድርገው በድንጋዩ ላይ አስቀረጹት። አሥራ አንድ ዓመት ያሰረን ይህ የንጉሡ ርኅራኄ ነው።

አዛዥ ጌጤነህ ትልቅ አዳራሽ አሠሩ። በአዳራሹ ውስጥ አርባ ወንበር፣ በአርባው ወንበር ላይ አርባ ጸሐፊ። እያንዳንዱ ወንበር የአንድ ደጅ ወኪል ነው። እያንዳንዱ ጸሐፊ ሦስት ቆብ አለው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ከበሮ ይመታል፣ የመጀመሪያው ወንበር ቆቡን ይለውጣል፤ ተቆጣጣሪው «እንዲህ ብንደለድል ስንት ክር ይቆረጣል?» ብሎ ቆጥሮ ይጽፋል። እንደገና ይመታል፣ እንደገና ይለውጣል። የመጀመሪያው ሦስቱን ቆብ ሲያዳርስ ሁለተኛው አንድ ጊዜ ይለውጣል፤ ሁለተኛው ሦስቱን ሲያዳርስ ሦስተኛው። እንዲህ እያለ መንገዱ ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል ተባለ።

አርባኛው ወንበር ላይ የተሾምሁት እኔ ነኝ። ወንዳፍራሽ እባላለሁ። ቀይ ቆብ ደፍቼ ተቀመጥሁና ተራዬን ጠበቅሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ተራዬ አልደረሰም። የመጀመሪያው ወንበር ባለቤት ቆብ ሲያወጣና ሲያገባ ራሱ ተመልጧል፤ የአሥራ ስድስተኛው ወንበር ሰውዬ ቆቡን የለወጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያን ቀንም ቤቱ ድግስ ደገሰ። የአሥራ ሰባተኛው ማታ ማታ ቤቱ ይለማመዳል ይባላል። እኔ ግን ንቅንቅ ሳልል ስለ ጽናቴ ሁለት ጊዜ ማዕረግ ተጨመረልኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እኔ እንኳ አይቆጨኝም፣ ቆሎ በልቻለሁ። ወይዘሮ ሻሼ የምትባል፣ ብቻዋን የምትኖር ቆሎ ሻጭ በየቀኑ አዳራሹን ትዞራለች፤ እኔ ጋ ስትደርስ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። «ላልደከመ ሰው ጭማሪ ምን ያደርግለታል?» ሲሏት፣ «መቀመጥም ያደክማል» ትላለች።

ይህ ቆጠራ መቼ እንደሚያልቅ ለማወቅ የሞከረ አንድ ሰው ነበር፤ ደርበው የሚባል የሒሳብ አዋቂ። ለአንድ ደጅ ሦስት መንገድ፣ ለሁለት ደጅ ዘጠኝ፣ ለሦስት ሃያ ሰባት እያለ ጀመረ። ለሃያ ደጅ ሲደርስ ሦስት ቢሊዮን አለፈው። ሠላሳኛው ላይ ታመመ። ሲሻለው «ዓለም ታልፋለች፣ ይሄ አያልፍም» ብሎ ሒሳቡን ጣለና ወደ ቀድሞው ንብ ማነቡ ተመለሰ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም የጸሐፍት ጨዋታ ሆኖ በቀረ። ነገር ግን አዛዥ ጌጤነህ ሌላ አዋጅ በከበሮ አስነገሩ። «ቆጠራው እስኪያልቅ ድረስ አዲስ ክር አይዘረጋ። ክር ከተጨመረ ቆጠራው ይበላሻል።» በዚህ ቃል ሰርግ ቆመ። አዲስ ማኅበር፣ አዲስ ደቦ ቆመ። ጎረቤት የሞተበት ሰው እንኳ ክር ከሌለው በሩቁ ቆሞ ያለቅሳል።

አሁን ትርንጎን ላምጣላችሁ። ትርንጎ ክር ነካሪ ናት። ወይዘሮ ልላት ይገባ ነበር፤ አፈር ፈጭተን፣ ውሃ ተራጭተን ስላደግን ግን አፌ አይታዘዘኝም። በጎልማሳነቷ ባሏ የሞተባት፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ሦስት ቀለም የሆነ፣ ለማንም የማትመለስ ሴት ናት። ደርበው ሽማግሌ ልኮባት እሺ ያለችው አዋጁ በወጣበት ሳምንት ነው። የሰርጓን ቀይ ክር ራሷ ነክራ፣ አድርቃ፣ ጠቅልላ ጨርሳ ነበር። ከበሮው ሲመታ ክሩን በሙዳይ ከተተችው። አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ተቀመጠ። በዓመት አንድ ጊዜ ታወጣውና የደበዘዘውን እንደገና ትነክረዋለች።

ደርበው በየምሽቱ ከደጇ ፊት ለፊት ያለ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ክር ስለሌለው ከዚያ አያልፍም።

«አንቺ ትርንጎ» ይላታል፣ «ማር እየላክሁልሽ አረጀሁ እኮ። ጥርሴ አልቆ ነው የማገባሽ?»

«ማር የሚበላ ሰው ጥርስ ምን ያደርግለታል?»

ይሳሳቃሉ። እሱ ሲሄድ ግን ትርንጎ በሩን ዘግታ ሙዳዩን እንደምታቅፍ እኔ አውቃለሁ፤ እኅቴ ጎረቤቷ ናትና።

በአሥራ አንደኛው ዓመት የአዳራሹ ቆቦች ደበዘዙ። ቀዩን ከቢጫው መለየት ስላቃተ ተቆጣጣሪው ሦስት ቀን ተሳሳተ። ትርንጎ ቆቦቹን እንድትነክር ታዘዘች። ከራሴ ካልወረደው ቀይ ቆብ በቀር መቶ አሥራ ዘጠኙን ነክራ፣ በጀርባዋ ተሸክማ አንድ ዓርብ ጠዋት ገባች። ዓርብ ዓርብ ንጉሡ ቆጠራውን ለመጎብኘት ይመጣሉ፤ ከበሮው እንቅልፍ ያመጣላቸዋል፣ ከዙፋኑ ላይ ሸርተት ብለው ጥሩ አድርገው ይተኛሉ። ትርንጎ ሸክሟን አውርዳ፣ ቆቦቹን ለየባለቤቱ ካደለች በኋላ ቆመችና አየችን። ከበሮ፣ ቆብ። ከበሮ፣ ቆብ። ከዚያ ሳቀች። ደረቷን ይዛ ነው የሳቀችው።

«ምን ያስቅሻል?» አሉ አዛዥ ጌጤነህ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አዛዥ። ይሄ ሁሉ ሰው የሚፈልገው ምንድን ነው?»

«ከሁሉ ያነሰውን።»

«ያነሰው ስንት ቢሆን ነው ንጉሡ የሚታገሡት?»

«ያነሰው ያነሰው ነው! ንጉሥ ስንት ይታገሣሉ ተብሎ አይጠየቅም።»

«እኔ ጋ ውሉ የጠፋ ክር ይዞ የመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው» አለች ትርንጎ። «ስንት ቦታ ቢበጠስ ትታገሣለህ? እለዋለሁ። አምስት ካለኝ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሺህ ካለኝ፣ ሂድና አዲስ ክር ግዛ እለዋለሁ። ይሄን ሳልጠይቅ ከጀመርሁማ ከክሩ ጋር አብሬ እጠፋለሁ።»

አዛዡ ሊያስወጧት እጃቸውን ሲያነሡ፣ ከዙፋኑ በኩል ድምፅ መጣ። ንጉሡ ነቅተዋል።

«እውነትሽን ነው፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ ዓይናቸውን እያሹ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉና አዩ። «አሥር ጣት አለኝ። አንዱ ቀለበት ስላለበት ለቆጠራ አይውልም። ዘጠኝ። ከዘጠኝ ክር በላይ ከሆነስ ሆዴ አይችልም።»

«ዘጠኝ ካሉ እስከ ማክሰኞ ይስጡኝ» አለች።

ትርንጎ ወደ ቤቷ ስትሄድ ከአጋም ቁጥቋጦ ዘጠኝ እሾህ ለቀመች። ቅዳሜ ጠዋት ካንዱ ደጅ ወዳንዱ መዞር ጀመረች፤ ሰው ሁሉ ተከተላት። እኛም ጸሐፍቱ አንድ በአንድ እየሾለክን ወጣን። መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ቆመች። እዚያ ቀይና ቢጫ ክር ተገናኝተዋል።

«ይሄ ደጅ አንድ ቀለም ብቻ ይልበስ ካላችሁ» አለች፣ «ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ የግድ ይቀራል። ነው አይደለም?»

«ነው» አልን።

«የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ ለጊዜው ቀዩ ይቅር ልበልና እሾህ ልሰካበት። አልበጥሰውም፣ ምልክት ነው። እሾህ የተሰካበትን ክር እንደሌለ እቆጥረዋለሁ። አሁን በእጄ ስምንት ቀረኝ። ቀጥዬ ሁለት ቀለም የያዘ ሌላ ደጅ እፈልጋለሁ፤ እዚያም እንዲሁ። እሾሄ አልቆ ሁለት ቀለም የያዘ ደጅ ገና ካለ፣ መንገዱ ከንቱ ነው። የመጨረሻውን እሾህ ነቅዬ በጓደኛው ላይ እሰካለሁ። እሱም ካልሆነ ከእሱ በፊት ወደነበረው እመለሳለሁ።»

ከሕዝቡ መካከል ደርበው ጣቱን ሲያጥፍ አየሁት። «ለእያንዳንዱ እሾህ ሁለት ምርጫ» አለ ለራሱ። «ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት...» ዘጠነኛው ጣቱ ላይ ሲደርስ ጮኸ፤ «አምስት መቶ አሥራ ሁለት! ቢበዛ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ነው! ከዚያ አያልፍም!» ሠላሳኛው ላይ የታመመው ያ ሰውዬ አደባባይ ላይ እስክስታ ወረደ። እኛ ግማሾቻችን ምን እንዳገኘ ባይገባንም አጨበጨብንለት።

አዛዥ ጌጤነህ ግን አልተዋጠላቸውም። «ደጁ እኮ አርባ ነው! መቶስ ቢሆን ኖሮ?»

«መቶ ቢሆን እግሬ ትንሽ ይደክም ነበር» አለች ትርንጎ። «እሾሁ ግን ያው ዘጠኝ ነው።»

አዛዡ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደጁን ሲቆጥሩ፣ መቆጠር የነበረበት ትዕግሥት መሆኑን ማንም አልነገራቸውም።

ትርንጎ ቆጣቢ ሴት ስለሆነች፣ መጀመሪያ ስምንት እሾህ ብቻ ይዛ ሞከረች፤ «ዘጠነኛው ይትረፍ» ብላ። ቅዳሜንና እሑድን እየሰካች እየነቀለች ዋለች። በስምንት የሚሆን መንገድ አልተገኘም። ሰኞ ዘጠነኛውን ጨመረች። ማክሰኞ ከምሳ በፊት የመጨረሻውን እሾህ ሰክታ ቀና ስትል፣ በአርባው ደጅ ላይ እሾህ ካልተሰካባቸው ክሮች መካከል ሁለት ቀለም የሚገናኝበት አንድም ቦታ አልነበረም። ዘጠኝ ክር፤ በቃ። ሕዝቡ እልል አለ። ቆጠራው አለቀ፣ ሰርግ ተፈቀደ ብሎ የማይስቅ ሰው አልነበረም።

ትርንጎ ግን አልሳቀችም። የገዛ ደጇን አየች፤ ባል የሞተባት፣ ለቅሶ የምትደርስ ሴት ናትና ያላት ክር ሁሉ ሰማያዊ ነው። የደርበውን ደጅ አየች፤ ሰሙንም ማሩንም ለሥራ የሚያካፍል ሰው ነውና ክሩ ሁሉ ቢጫ ነው። ሰማያዊ ደጅና ቢጫ ደጅ ቀይ ክር አይዘረጉም። ቆጠራው እንዲያልቅ የደከመችው ለዚያ ቀይ ክር ነበር፤ አሁን ቆጠራው አለቀ፣ ክሩ ለዘለዓለም ከሙዳዩ አይወጣም። ይህን ሳስተውል የያዝሁትን እፍኝ ቆሎ ወደ ኪሴ መለስሁት።

ደርበውም ገባው። ጠጋ ብሎ በዝግታ «የሁለታችን ደጅ ቀይ ነው በይ» አላት። «ማን ያያል?»

«ክር ዋሽቼ አላውቅም» አለች።

«ታዲያ እኛስ? ዘጠኙ ውስጥ እንኳ የለንም እኮ።»

«ባልተዘረጋ ክር ላይ እሾህ አይሰካም፣ ደርበው።» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

ንጉሡ የወርቅ መቀሳቸውን ይዘው መጡ። ሕጉ በገዛ እጃቸው ይቁረጡ ይላልና። ትርንጎ የመጀመሪያውን እሾህ አሳየቻቸው። ከቤተ መንግሥቱ መቃን ወደ አንዲት ትንሽ ቤት የሚሄድ ሰማያዊ ክር ነው። የእማማ ዙሪያሽ ቤት ናት። እማማ ዙሪያሽ ንጉሡን አጥብተው ያሳደጉ ናቸው፤ የንጉሡ እናት የሞቱ ጊዜ ሰባት ሌሊት አብረዋቸው ያለቀሱ። በአገሩ ላይ ንጉሡን አንተ የሚሉ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ቁረጥ እንጂ ልጄ» አሉ እማማ ዙሪያሽ በራቸው ላይ ቆመው። «ሕግህ አይደል? አንድ ክር ነው። አሮጊት ነኝ፣ ለለቅሶም ብዙ አልደርስም።»

ንጉሡ መቀሱን ከፈቱ። ዘጋ አደረጉትና ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«በስምንት አይሆንም?»

«ሁለት ቀን ሞከርሁት፣ ጃንሆይ። በስምንት መንገድ የለም።»

«እሺ ይቺን እንለፋትና ሁለተኛውን አሳዪኝ።»

ሁለተኛው የሁለት ወንድማማቾች ቢጫ ክር ነበር፤ በሬ የሚያቀናጁ፣ ተኳርፈው እንኳ አብረው የሚያርሱ። ሦስተኛው መንታ ልጆቿን ባንድ ቀን ያጣች ሴት፣ ከወንዝ ማዶ ካለች ጎረቤቷ ጋር የዘረጋችው ነው። ንጉሡ በእያንዳንዱ ክር ፊት ቆመው መቀሱን ይከፍታሉ፤ ሰዎቹ በየደጃቸው ቆመው ያዩዋቸዋል፤ መቀሱን ይዘጋሉ። በአዳራሹ ውስጥ ክር ቁጥር ነበር። እዚህ ግን እያንዳንዱ እሾህ ግራና ቀኝ ሁለት ፊት አለው። ዘጠነኛው ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር፤ መቀሱም እንደተሳለ ነው።

«ንጉሥ ሆይ» አለች ትርንጎ፣ «አሁን ስንት ይታገሣሉ?»

«አንድም» አሉ። ላብ አጥምቋቸዋል።

አዛዥ ጌጤነህ እንደ ልማዳቸው ወደፊት ወጡ። «ጃንሆይ፣ በድንጋይ የተቀረጸ አይሻርም! ድንጋይ ከተሻረማ ነገ ማን ይፈራናል?»

እውነታቸውን ነው፤ ባገራችን ድንጋይ አይሻርም። ያኔ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ጠቃሚ ሰው ሆንሁ። አርባኛው ወንበር መስኮቱ አጠገብ ነው። መስኮቱ የሚያየው ያንን ድንጋይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሌላ የማነበው ነገር አልነበረኝም።

«ጃንሆይ» አልሁ፣ ቀይ ቆቤን እንደ ደፋሁ፣ «ድንጋዩ አራት መስመር አለው። አራተኛው እንዲህ ይላል። ‹ከሁሉ ጥቂት ክር የሚያስቆርጠው መንገድ የትኛው እንደሆነ፣ የአዳራሹ ጸሐፍት መንገዱን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥረው ሳይጨርሱ፣ ንጉሡ አንድም ክር አይቁረጡ።› ትርንጎ የአዳራሹ ጸሐፊ አይደለችም። እኛ ደግሞ አልጨረስንም።»

ንጉሡ አዩኝ። «ለመጨረስስ ስንት ቀራችሁ?»

«እኔ ገና ቆቤን አልለወጥሁም» አልሁ።

መጀመሪያ የሳቁት እማማ ዙሪያሽ ናቸው። ከዚያ ንጉሡ። ከዚያ መላው አገር። አዛዥ ጌጤነህ ብቻ አልሳቁም፤ ቆጠራቸው ከመፍረስ ስለዳነ የደስታ እንባ ያብሱ ነበር።

«ይቀጥል!» አሉ ንጉሡ። «ድንጋዩ እንዳለ ይከበር፣ ቆጠራው ይቀጥል!»

«አዲስ ክር አይዘረጋ የሚለውስ?» አለች ትርንጎ። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ነበር።

ንጉሡ ወደ እኔ ዞሩ። «እሱስ ድንጋዩ ላይ አለ?»

«የለም ጃንሆይ። እሱ በከበሮ የተነገረ ነው።»

«በከበሮ የመጣ በከበሮ ይሂድ!» አሉ።

ከበሮው ተመታ። ትርንጎ ቤቷ ሮጣ ሙዳዩን አመጣች። ክሩ አሥራ አንድ ጊዜ የተነከረ ስለሆነ እንዲያ ያለ ቀይ አይቼ አላውቅም። አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን ደርበው ያዙና ከሰማያዊው ደጅ እስከ ቢጫው ደጅ ዘረጉት። ደርበው አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠባትን ድንጋይ አልፎ ወደ ደጇ ሲሄድ እግሩ ተደናቀፈ። «አንቺ፣ ጥርሴ አላለቀም» አላት። «ዕድለኛ ነኝ» አለችው። እኛም እስኪነጋ ጨፈርን።

ማግስቱን ከበሮው ሲመታ አዛዥ ጌጤነህ በድንጋጤ አዳራሹ ገቡ። «ክር ተጨምሯል! የቆጠርነው ሁሉ ተበላሸ! ከመጀመሪያው!» አሉ። የመጀመሪያው ወንበር ባለቤት መላጣውን አሻሸና ቀዩን ቆብ አነሣ። የአሥራ ሰባተኛው ሰውዬ ትንሽ አዘነ።

ከዚያ ወዲህ ባገራችን አንድ ልማድ አለ። በቆጠራው አካሄድ የአሥራ አራተኛው ወንበር ቆብ ለመለወጥ አንድ ዓመት ይፈጅበታል። የአሥራ አራተኛው ሰውዬ እጁ ወደ ቆቡ ሲቃረብ፣ ቆጠራው እየገፋ ነው ማለት ነው፤ ያኔ እኛ ሰርግ እንደግሳለን። አዲስ ክር ይዘረጋል፣ አዛዡ «ከመጀመሪያው!» ይላሉ፣ ከበሮው እንደገና ይጀምራል። ደርበው «አርባኛው ወንበር ጋ ለመድረስ ዓለም አትበቃም፤ ምን አስቸኮላችሁ?» ይለናል። ልክ ነው። ግን ጠንቃቃ ሰዎች ነን። ዘጠኙም ክር እስከ ዛሬ አለ። እማማ ዙሪያሽ ሲያርፉ ንጉሡ ያንን ሰማያዊ ክር ተከትለው በእግራቸው ሄደው አለቀሱ፤ ጥላ አልያዙም፣ በየክሩ ሥር ጎንበስ ይሉ ነበር።

ዘንድሮ ግን ጭንቅ መጣ። የአሥራ አራተኛው ሰውዬ እጁ ቆቡ አጠገብ ደርሷል፤ ባገሩ ደግሞ ለማግባት የደረሰ አንድ ሰው ጠፋ። ያሉት አግብተዋል፣ የቀሩት ገና ልጆች ናቸው። ትላንት ትርንጎ አዳራሹ መጥታ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ስታይ ቆየችና እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። ቀጥሎ ወይዘሮ ሻሼን አየች። ወይዘሮ ሻሼ እጇ ቆሎው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቆቤን ነክቼ አላውቅም። ትላንት አነሣሁት። አርባኛው ወንበር ተንቀሳቀሰ ተብሎ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ፤ አዛዥ ጌጤነህ ራሳቸውን ሳቱ። ከሥሩ የወጣው ፀጉሬ ነጭ ነበር። ሻሼ አይታ «ያምርብሃል» አለችኝ።

እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ አልልም። ክራችን እሑድ ይዘረጋል፤ እናንተም ከነቀለማችሁ ኑልን።